ደንበኛ የሌለበት ገበያ

ኮሚኬት ላይ ረጅም ሰልፍ ሲሠራ፣ መጨረሻ የቆመው ሰው እጁ ባዶ አይደለም። «የሰልፉ መጨረሻ እዚህ ነው» የሚል ሰሌዳ ይይዛል። ከኋላው ሌላ ሰው መጥቶ ሲቆም ሰሌዳውን ያቀብለውና ወደፊት ይራመዳል። ያም ለሚቀጥለው ያቀብላል። ለዚህ ሥራ የተቀጠረ ሰው የለም። መጽሔት ሊገዛ የመጣ ሁሉ ለአንድ ሁለት ደቂቃ የገበያው ሠራተኛ ሆኖ ያልፋል።

ኮሚኬት «ኮሚክ ማርኬት» የሚለው ስም ሲቆረጥ ነው። ጃፓኖች የፈረንጅ ቃል ሲረዝምባቸው ይቆርጡታል፤ «አኒሜ» ራሱ ከ«አኒሜሽን» ተቆርጦ የቀረ ነው። ቦታው ቶኪዮ ነው፤ ጊዜው በዓመት ሁለቴ፣ በኦገስት ሙቀትና በዲሴምበር ብርድ። የማንጋና የአኒሜ ወዳጆች ራሳቸው የጻፉትን፣ ራሳቸው የሳሉትንና ከኪሳቸው ከፍለው ያሳተሙትን መጽሔት ይዘው ይገናኙበታል። መጽሔቱ ዶጂንሺ ይባላል። በ2019 ዲሴምበር፣ በ4 ቀን ውስጥ 750 ሺህ ሰው ተቆጥሯል። አራቱንም ቀን የተመላለሰ ሰው አራት ጊዜ ስለሚቆጠር ቁጥሩን ቀነስ አድርጋችሁ ውሰዱት። ቀንሳችሁትም ያስደነግጣል፤ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግዱት ደመወዝ የማይቀበሉ 3 ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ኮንቬንሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መድረክ፣ ታዋቂ እንግዳ፣ ፊርማ ለማስፈረም የሚጋፋ ሕዝብ ነው። እዚህ ዋናው መድረኩ አይደለም። ዋናው ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሰው ነው፤ እሱም ያለፈው ዓመት ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ ሲገዛ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ 1975 መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። በእኛ 1967 አልቆ 1968 ሲገባ፣ አዲስ አበባ በሌላ እሳት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ መሆኑ ነው።)

ያኔ ጃፓን ውስጥ የማንጋ ወዳጆች የሚሰበሰቡበት «ማንጋ ታይካይ» የሚባል ጉባኤ ነበር። አንዲት የማንጋ ወዳጅ የጉባኤውን አካሄድ ተቸች። በዚያ ዓመት ልትሳተፍ ስትል አዘጋጆቹ አንቀበልሽም አሏት። ነገሩ ይኸው ነው። ዛሬ ቢሆን «ከግሩፑ አስወጧት» ብለን ለሁለት ቀን አውርተን እንረሳው ነበር።

ያልረሳው «ሜይኪዩ» የሚባል ትንሽ ቡድን ነው። አባላቱ የማንጋ ሒስ የሚጽፉ ወጣቶች ነበሩ፤ ሃራዳ ቴሩዎ፣ አኒዋ ጁን፣ ዮኔዛዋ ዮሺሂሮ። ዮኔዛዋ ገና የ22 ዓመት ልጅ፣ የሜይጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ተቃውሟቸውን አሰሙ። ግን በጩኸት ብቻ አላበቁም፤ ጉባኤውን ለማስተካከል መታገሉን ትተው፣ ማንም የማይመለስበት ሌላ ቦታ ራሳቸው ሊከፍቱ ተነሱ።

ጊዜውም ይጠይቃቸው ነበር። በ1967 ታላቁ ቴዙካ ኦሳሙ «ኮም» የሚባል መጽሔት አቋቁሞ፣ አንባቢዎች ሥራቸውን የሚልኩበት፣ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ትንንሽ ክበቦች የሚተዋወቁበት በር ሆኖ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መጽሔቱ ቆመ። ክበቦቹ ቀሩ፤ መገናኛቸው ግን ጠፋ። ሠርተው የሚያሳዩት ነገር አላቸው፣ የሚያሳዩበት ቦታ የላቸውም። እንግዲህ ሜይኪዩ የሠራው ሥራ ቢያጥር ቢረዝም ቦታ መከራየት ነው።

ዲሴምበር 21 ቀን 1975፣ እሑድ፣ ቶኪዮ ቶራኖሞን ሰፈር፣ የእሳት አደጋ ማኅበር ሕንፃ ውስጥ ባለ የስብሰባ ክፍል የመጀመሪያው ኮሚኬት ተከፈተ። 32 ክበቦች ጠረጴዛ ያዙ። የመጣው ሰው 700 ገደማ ነበር። ከ10 ሰው 9ኙ ሴቶች፣ ያውም የሁለተኛ ደረጃና የመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። እንደ ሃጊዎ ሞቶ ያሉ ሴት ደራሲዎች የሚሠሩትን ማንጋ የሚወዱ ልጆች። ይህን ቁጥር ረገጥ አድርጌ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አኒሜና ማንጋ የወንዶች ነገር ነው የሚል ሰው እኛም ሰፈር አይጠፋም። ትልቁ የወዳጆች መሰብሰቢያ ግን በአንዲት ሴት መከልከል ሰበብ ተወልዶ፣ በተማሪ ሴቶች ልጆች የኪስ ገንዘብ ነው መቆም የጀመረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተያዘ አንድ ሐሳብ አለ። ኮሚኬት ላይ ደንበኛ የለም። መጽሔት ይዞ የመጣ ተሳታፊ ነው። ሊገዛ የመጣም ተሳታፊ ነው። ሰልፍ የሚያስይዘው፣ ጠረጴዛ የሚሸከመውም ተሳታፊ ነው። ደንበኛ ስላልሆንክ «አስተናግዱኝ» ማለት አትችልም፤ ተሳታፊ ስለሆንክ ደግሞ ማንም «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ» ሊልህ አይችልም። ለእኛ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ደቦ የወጣ ሰው ደንበኛ ነው ወይ? የእድር ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው ጎረቤት ሠራተኛ ነው ወይስ እንግዳ? ሁለቱም አይደለም፤ የቤቱ ሰው ነው። ልዩነቱ እድር የሚያውቀውን ሰው ይሰበስባል፤ ኮሚኬት ግን ይህንኑ ነገር ከማይተዋወቅ ሕዝብ ጋር ሊያደርግ ሞከረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦታ የሚፈልግ ክበብ ወራት ቀደም ብሎ ያመለክታል፣ ክፍያም ይከፍላል። ክበብ ሲባል የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ዓይነት ብዙ አባል ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ብቻውን መኝታ ቤቱ ተቀምጦ የሚስል ሰውም «ክበብ» ይባላል። አመልካቹ ከቦታው ስለሚበልጥ ዕጣ ይወጣል። በሦስት ቀን ይካሄድ በነበረበት ዘመን 35 ሺህ ገደማ ክበቦች ዕጣ ይደርሳቸው ነበር፤ የማይደርሳቸውም ብዙ ነበሩ። የደረሰው ምን ያገኛል? ግማሽ ጠረጴዛ። 90 ሴንቲ ሜትር በ45፣ ከሁለት ታጣፊ ወንበር ጋር። ዝናህ የፈለገውን ያህል ቢሆን ጠረጴዛህ አይሰፋም፤ ምናልባት ሰልፍህ ሕዝብ እንዳያጨናንቅ ግድግዳ ዳር ያስቀምጡህ ይሆናል። ያወጡትን ገንዘብ የሚመልሱት ብዙ አይደሉም። ያሳተሙትን ሃምሳ መቶ ቅጂ ይሸጣሉ፣ በሸጡት ከጎረቤት ጠረጴዛ ይገዛሉ፣ ባዶ ኪስ ይዘው ወደ ቤት።

የእያንዳንዱ አዲስ መጽሔት አንድ ቅጂ ለአዘጋጆቹ ናሙና ሆኖ ይሰጣል። እነሱም አይጥሉትም፤ ያስቀምጡታል። ምርጥና ተራ ብለው ሳይለዩ። አንድ ተማሪ በፎቶ ኮፒ አባዝቶ በእጁ የሰፋት 12 ገጽም ትቀመጣለች። እኔ ከኮሚኬት ሥራዎች ሁሉ የምቀናበት ይህን ነው። እኛ አገር በ1960ዎቹ በእጅ እየተባዛ የተበተነው ጽሑፍ ሁሉ እንዲህ የሚያስቀምጠው ቢያገኝ ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

ከመክፈቻው በፊት ባለው ቀን ጠረጴዛ ይደረደራል። ይህንንም የሚሠሩት በአብዛኛው ፈቃደኞች ናቸው፤ አቅም ያለው መጥቶ ይሸከማል፣ በሺህ የሚቆጠር ጠረጴዛ በሰዓታት ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል። በነጋታው በመጀመሪያው ባቡር ሕዝቡ ይጎርፋል። መሮጥ ክልክል ነው። ሌሊት አድሮ መሰለፍም ክልክል ነው (አድረው የሚሰለፉ ግን ጠፍተው አያውቁም፤ ሰው ሰው ነው)። በ2013 ኦገስት ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ የሕዝቡ ላብና ትንፋሽ ተንኖ ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር ደመና ሠርቶ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ጃፓኖች «የኮሚኬት ደመና» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው የማንጋ ሴቶች የነበሩበትን ክፍል አኒሜው አሰፋው። በ1970ዎቹ መጨረሻ «የጠፈር ጦር መርከብ ያማቶ» እና «ጋንዳም» ወንዶቹን ጎትተው አመጡ። የፊልሙን ልብስ ሰፍተው ለብሰው የሚመጡም ታዩ፤ ዛሬ ኮስፕሌይ የምንለው። በ1981 ሃሩሚ ወደሚባለው ትልቅ የንግድ ትርኢት ግቢ ሲገቡ ተሳታፊው 10 ሺህ አካባቢ ደርሶ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ «ካፒቴን ቱባሳ» መጣ። በዐረብ ሳት ዲሽ ያደጋችሁ «ካፒቴን ማጂድ» ብላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሜዳው ማለቂያ የሌለው፣ ኳሷ አየር ላይ እንዳለች ክፍሉ የሚያልቅበት። እኛ ጎሉን ስንጠብቅ፣ ጃፓናውያኑ ሴቶች ልጆች ያዩት ሌላ ነገር ነበር። በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለውን አተያይ፣ ፍቅር የሚመስለውን ጓደኝነት። እሱን እየዘረጉ፣ ደራሲው ያላሰበውን ታሪክ እየጻፉ አዳራሹን በዶጂንሺ ሞሉት።

የሰው ገጸ ባሕርይ ወስዶ መጻፍ በሕግ እንዴት ይታያል? ባለመብቱ ከከሰሰ ያስከስሳል። በ1999 የፖኪሞን ገጸ ባሕርያትን በወሲባዊ ዶጂንሺ የሣለች ሴት ታስራለች። ግን አብዛኞቹ አሳታሚዎች አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። በጎነት ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚቀጥሩት ሠዓሊ እዚያ ጠረጴዛ ጀርባ እንደተቀመጠ ያውቃሉ። «ካርድካፕተር ሳኩራ»ን የሠራው ክላምፕ የተነሳው ከዶጂንሺ ክበብ ነው። የዛሬው «ፌት» ፈጣሪ ታይፕ ሙን በ2000 ዲሴምበር «ጹኪሂሜ» የተባለ ጨዋታውን ኮሚኬት ላይ ሲሸጥ እንዲሁ ክበብ ነበር።

ሕዝብ ሲበዛ ግን በሩን ክፍት አድርጎ መያዝ እየከበደ ይሄዳል። በ1989 በጋ ጃፓን ውስጥ አራት ትንንሽ ሴት ልጆችን የገደለ ሰው ተያዘ። ቤቱ በቪዲዮ ካሴት የተሞላ፣ ኮሚኬት ላይም የተሳተፈ ሰው መሆኑ ተዘገበ። «ኦታኩ» የሚለው ቃል በአንድ ወር ውስጥ ስድብ ሆነ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ሰው ኃጢአት ይታይ ጀመር። የበጋው ኮሚኬት ግን ተካሄደ።

የባሰው በ1991 መጣ። ኮሚኬት ከ1989 ክረምት ጀምሮ ማኩሃሪ መሴ ወደሚባል አዲስ ሰፊ አዳራሽ ተዛውሮ ነበር። ፖሊስ ጸያፍ የተባሉ ዶጂንሺዎችን በሚሸጡ መደብሮች ላይ ዘመቻ ከፈተ፤ ከኮሚኬት የተገዙ መጽሔቶችም ፖሊስ እጅ ገቡ። የአዳራሹ ባለቤቶች ለበጋው ቦታ አንሰጥም አሉ። ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወራት ሲቀሩት ሜዳ ላይ ቀረ። አዘጋጆቹ ተሯሩጠው ሃሩሚን መልሰው ያዙ። ዋጋ ግን ከፈሉ፦ ከዚያ ወዲህ በመክፈቻው ጠዋት በጎ ፈቃደኞች በየጠረጴዛው እየዞሩ ናሙናውን ይከፍታሉ፤ በሕጉ መሠረት መሸፈን ያለበት ካልተሸፈነ መጽሔቱ አይሸጥም። ሁሉን እቀበላለሁ ያለ ቤት በሩ ላይ ፈታሽ አቆመ። በእኔ ግምት ልክ ነበሩ፤ አለዚያ ዛሬ የሚጻፍ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን ቀላል ነገር አይደለም።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መሪው ዮኔዛዋ ነበር። ከ1980 አካባቢ ጀምሮ ኃላፊነቱን ይዞ፣ ጎን ለጎን የማንጋ ታሪክና ሒስ እየጻፈ፣ ያገኘውን መጽሔት ሁሉ እየሰበሰበ ኖረ። አዳራሽ አከራይ ከወጣቶች ክበብ ጋር ውል ስለማይፈራረም በ1980ዎቹ ትንሽ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራው ግን እንደድሮው በፈቃደኛ ነው የሚሠራው። በ1996 ኦገስት ዛሬ ድረስ ወዳለበት ቶኪዮ ቢግ ሳይት ገቡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኩባንያዎች የራሳቸው ክፍል ተሰጣቸው። ተነጥለው መቀመጣቸውን ልብ በሉ፤ ትልልቆቹ በሌላ አዳራሽ፣ ግማሽ ጠረጴዛዎቹ በመሐል። ዮኔዛዋ በ2006 ኦክቶበር 1 በሳንባ ካንሰር በ53 ዓመቱ አረፈ። እሱ የተሸከመውን ለመሸከም ሦስት ሰው አስፈለገ፤ ሦስት ተባባሪ ተጠሪዎች ተተኩ። የሰበሰበው መጽሐፍ ለሜይጂ ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ በስሙ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። የኮሚኬት ናሙናዎችም ከፊሎቹ እዚያ ይነበባሉ።

ዮኔዛዋ ሳያየው የቀረ አንድ ፈተና አለ፣ እኔን ከሁሉም የሚከነክነኝ። በ2012 መጨረሻ «የኩሮኮ ቅርጫት ኳስ» በሚባል ማንጋ ላይ ቂም የያዘ አንድ ሰው ከማንጋው ጋር ለተያያዙ ቦታዎች ሁሉ የማስፈራሪያ ደብዳቤ መላክ ጀመረ። ለአዳራሹም ደረሰ። ምን ይደረግ? በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር አለ። አዘጋጆቹ የኩሮኮ ዶጂንሺ የሚሠሩ ክበቦች በዲሴምበሩ ኮሚኬት እንዳይሳተፉ ወሰኑ። 900 ገደማ ክበቦች፣ አብዛኞቹ ሴቶች። አንዲትን ልጅ አትገቢም በመባሏ የተቋቋመ ቤት፣ በ37ኛ ዓመቱ ጥፋት የሌለባቸውን 900 ክበቦች አትግቡ አለ።

ስህተት ነበር ለማለት አልደፍርም። የደብዳቤው ላኪ በ2013 ዲሴምበር ተይዞ በኋላ አራት ዓመት ተኩል ተፈርዶበታል፤ ያኔ ግን ማን እንደሆነ፣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያውቅ አልነበረም። የ700 ሰው ስብሰባ ቢሆን በር ላይ ሁለት ሰው አቁሞ መቀጠል ይቻል ነበር። የግማሽ ሚሊዮን ሰው ስብሰባ እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ማደግ የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው፤ መርህህ ሳይለወጥ የመርህህ ዋጋ ይወደዳል። ክበቦቹ ኋላ ላይ ተመልሰዋል። ለዚያ ክረምት ያሳተሙትን መጽሔት በካርቶን አቅፈው የከረሙት ልጆች ስሜት ምን እንደነበር ግን የኮሚኬት የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

በበጎ ፈቃደኛ የሚሠራ ትልቅ የአኒሜ ስብሰባ ጃፓን ብቻ አይደለም ያለው። አሜሪካ ውስጥ ኦታኮን የሚባለው በ1994 ፔንስልቬንያ ውስጥ በሆቴል 350 ሰው ይዞ ተጀመረ፤ ዛሬም አዘጋጆቹ ደመወዝ አይቀበሉም። ከ2017 ጀምሮ የሚካሄደው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ከአዳራሹ ተነስታችሁ በ9ኛው ጎዳና ወደ ሰሜን ብትወጡ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ሰፈር ትደርሳላችሁ። ግን እዚያ መግቢያ ካርድ ገዝቶ፣ እንግዳ አይቶ፣ ፕሮግራም ተከታትሎ መመለስ ነው። ኮሚኬት ከዚህ የሚለየው መግቢያው ነጻ መሆኑ ነበር።

ነበር። በ2019 ኦገስት፣ ለኦሎምፒክ ዝግጅት ከአዳራሾቹ የተወሰኑት ሲያዙና ቀኑ ወደ አራት ሲረዝም፣ ወጪው ስለጨመረ ለመግባት የእጅ ማሰሪያ መግዛት ግድ ሆነ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። ለ2020 ሜይ የታቀደው ኮሚኬት ተሰረዘ፤ ከ1975 ጀምሮ እንዲህ ያለ መሰረዝ ታይቶ አይታወቅም ነበር። እስከ 2021 ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ግማሽ ጠረጴዛ የሚባል ነገር አልነበረም። ሲመለስም በተቆጠረ ትኬት፣ በክትባት ወይም በምርመራ ማስረጃ፣ በሁለት ቀን 110 ሺህ ሰው ብቻ ነው የገባው።

ትኬቱ ከኮሮና በኋላም ቀረ። ዛሬ ማለዳ የሚያስገባው በውድ፣ ከሰዓት የሚያስገባው በርካሽ ይሸጣል። የቀድሞዎቹ ይህን አይወዱትም፤ ብዙ የከፈለ ቀድሞ ከገባ ያ ሰው ደንበኛ ካልሆነ ምንድን ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሰው ሌሊት መንገድ ዳር ከሚያድር ይህ ይሻላል ባዮች ናቸው። በ2024 ዲሴምበር በሁለት ቀን 300 ሺህ ሰው ገብቷል። አዘጋጆቹ በማስታወቂያቸው ላይ ትኬት የገዛውን ሰው ዛሬም የሚጠሩት በድሮው ስሙ ነው፦ ጠቅላላ ተሳታፊ።